«ማንም አልጠለፈኝም» ያለችኝን አያቴን ምን ብዬ ልጻፋት?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከእናቴ፣ ከታናሽ እህቴና ከአያቴ ጋር እኖራለሁ። አያቴን እማማ ነው የምንላት። ባሏ አባባ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ዘንድሮ ለቁልቢ ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 19፣ ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ከንግሡ በኋላ የሚሰበሰቡት እኛ ቤት ነው። ትልቁ አጎቴ የእማማንና የአባባን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመን እንስጣቸው አለ። መጻፉ ለእኔ ተሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጋደም ሲል እማማ ሆጃዋን እየጠጣች ታወራለች፤ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ።

ቤታችን ውስጥ የምናውቀው ታሪክ አንድ ነው። አባባ ሽማግሌ ልኮ፣ ጥሎሽ ጥሎ፣ በሰማንያ አገባት። ሰርጉ ሦስት ቀን ተጨፈረ። በእማማ ወንድሞች ቤት ደግሞ ሌላ ነው። «ጠልፏት ነው» ይላሉ፣ እየሳቁ። እማማ የነገረችኝ ከሁለቱም አይገጥምም።

አገራቸው ያኔ አሰበ ተፈሪ ይባል በነበረው በጭሮ አካባቢ ገጠር ነው። አባቷ ባለርስት ነበሩ። የአባባ አባት የእነሱ ጭሰኛ ነበር። አባባ ማማ ላይ ሆኖ ከማሽላው ወፍ ሲያባርር እሷ ምሳ ይዛ ትሄድ ነበር። እዚያ ነው የተዋደዱት። አባቷ ግን ሚስቱ ለሞተችበት ባለ ከብት አጭተዋት ነበር። ሰርጉ ሲቃረብ፣ በገበያ ቀን፣ ከአባባ ጋር ጠፋች። የታላቅ ወንድሟ ሚስት ናት የረዳቻት። ሌሊቱን ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ወርደው፣ ባቡር ተሳፍረው ድሬ ገቡ። የታኅሣሥ ግርግር በሆነ በሁለተኛው ዓመት ነው ትላለች፤ 1955 መሆኑ ነው። 16 ዓመቷ ነበር። «ማንም አልጠለፈኝም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ» አለችኝ።

እርቁ የወረደው ትልቁ አጎቴ ከተወለደ በኋላ ነው። እሱ የ1956 ልጅ ነው። የሰማንያው ወረቀት ላይ ያለው 1957 ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ የወንድሟ ሚስት ግን በዚህ ምክንያት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች፤ እማማ ስሟን እንዳላነሳ ነግራኛለች። ልጆቿ ለቁልቢ ይመጣሉ።

አጎቴ «በሽማግሌ ተብሎ ይጻፍ፤ ዕድሜዋም 18 ይባል» አለኝ።

አሁን የራሴ ጉዳይ። ሁለት ዓመት የቆየ ጓደኛ አለኝ። ባጃጅ ነው የሚሠራው። ወላጆቹን በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ አጥቶ አክስቱ ናት ያሳደገችው። እናቴ «ሽማግሌ የሚልክ ዘመድ የሌለው ሰው ቤቴን አያንኳኳም» ትላለች። የምንገናኘው ታናሽ እህቴ እየሸፋፈነችልን ነው። እኔ ደግሞ የእማማን ታሪክ እንዳለ አሳትሜ፣ የዚያን ቀን ሁሉም ባሉበት ላነበው አስቤያለሁ። የባቡሩ ተፈቅዶ የባጃጁ ተከልክሎ? ይህም ካልሠራ እንደ እማማ ጥፊ ይለኛል ልቤ። ምን ይመክሩኛል?

የእማማ ልጅ፣ ከሳቢያን

•

የእማማ ልጅ፣

የባቡሩ ተፈቅዶ የባጃጁ ተከልክሎ ያልሽው አሳቀኝ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳየው ግን ሳቄ ቀነሰ። ለምን እንደሆነ እየሄድን እነግርሻለሁ። አያትሽን እንዳንቺ እኔም እማማ ልበላቸው። ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበዛ አውቃለሁ። የማላውቃቸውን ትልቅ ሰው አንቺ ማለት ግን አፌ አልለመደም፤ ታገሺኝ።

የላክሽልኝ ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ የእማማ፣ ሌላው የራስሽ። አንቺ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥረሽ ለታኅሣሥ 19 አዘጋጅተሻቸዋል። እኔ ደግሞ ቋጠሮውን ልፈታው ነው።

ከእማማ እንጀምር። አንድ ጋብቻ ሦስት ዓይነት ታሪክ ያለው ለምን ይመስልሻል? 1955ን አስቢው። የባለርስት ልጅ ከጭሰኛ ልጅ ጋር ጠፋች። ለወንድሞቿ «ተጠለፈች» ማለት ይቀላቸዋል። ጠለፋ ከሆነ ጥፋተኛው ውጭ ያለ ሰው ነው፤ ፈረስ ተጭኖ፣ ጠመንጃ ተይዞ ይፈለጋል። «ወዳ ሄደች» ከተባለ ግን ነገሩ ወደ ቤት ይዞራል። እንዴት አሳደጋችኋት? ማን አገናኛቸው? ማን በር ከፈተላት? ስለዚህ ጠለፋውን መረጡ። ዛሬ እየሳቁ ማውራታቸው እኔን አያስቀኝም። በዚህች አገር ስንቷ ልጅ እንደ እማማ ወዳ ሳይሆን እየጮኸች እንደተወሰደች እናውቃለንና፣ «ጠልፏት ነው» የሳቅ ወሬ መሆን አልነበረበትም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ለእነሱ ንገሪያቸው አላልኩሽም።

አንድ ነገር ልብ በይ። የሰማንያው ወረቀት ላይ «በፈቃዴ» የሚል ቃል ብታገኚ ብቻውን ማስረጃ አድርገሽ አትያዢው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ በሕግ አገባሁት ካለች ክስ አይመሠረትበትም ነበር። ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ የሰፈረች «ፈቃዴ ነው» በሽማግሌ ግፊት የተባለች ልትሆን ትችላለች። የእማማ ቃል ግን ይለያል። ባላቸው ካረፈ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ለልጅ ልጃቸው የተናገሩት ነው። እኔ አምናቸዋለሁ።

ቢሆንም የፍቅሩን ብቻ ይዘሽ እንዳትሮጪ። የ16 ዓመት ልጅ ናት። ከኋላዋ የማትፈልገው ባለ ከብት አለ። ከፊቷ የምትወደው ልጅ አለ። እየሄደች ነበር ወይስ እየሸሸች? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በሌላ ቀን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ ያ ሰው ባይታጭላቸው ኖሮ በዚያው ዓመት ይሄዱ ነበር? ሚኤሶ ሲደርሱ ምን ተሰማቸው? ቲኬቱን ማን ቆረጠ፣ በማን ገንዘብ? ድሬ ሲገቡ የመጀመሪያውን ሌሊት የት አደሩ? ትልልቅ ሰዎች «ፍቅሩ እንዴት ነበር» ሲባሉ ያፍራሉ። ምን ለብሰው እንደነበር ብትጠይቂያቸው ግን ሰዓቱ ሁሉ አይበቃሽም።

የአባባንም ወገን አትርሺ። ወላጆቹ ጭሰኞች ነበሩ። የመሬት አዋጁ የመጣው በ1967 ነው። ከዚያ በፊት ጭሰኛ ባለርስቱ ውጣ ካለው መውጣት ነው። ልጃቸው የባለርስቱን ልጅ ይዞ ጠፋ። እናትና አባቱ ከዚያ በኋላ የት ነበሩ? እዚያው መሬት ላይ ቀሩ? ተባረሩ? ሽማግሌ ሆኖ ለእርቅ የገባው ማነው፣ ካሳስ ተከፍሎ ነበር? ደብዳቤሽ ውስጥ ይህ የለም። ምናልባት እማማም አላወሩት ይሆናል።

አሁን ሳቄን የቀነሰው ጋ ደረስኩ። የማሽላ ማማውን፣ ባቡሩን፣ «እግሬ ነው የወሰደኝ»ን በደንብ ጽፈሽልኛል። ያቺን የወንድም ሚስት ግን በአንዲት መስመር አልፈሻታል። በር የከፈተችው እሷ ናት። ትዳሯን ያጣችው እሷ ናት። እማማ ባቡር ተሳፍረው ድሬ ሲገቡ፣ ሚስትየው እዚያው ቀርታ ለሁሉም መልስ ሰጪ ሆናለች። ልጆቿን ይዛ ነው የተመለሰችው ወይስ ትታ? ይህንን ሁሉ ዓመት እማማን ዝም ያሰኛቸው ምን ይመስልሻል? አንቺ «ስለወደደች አፍራ ነው» ብለሽ የገመትሽ ይመስለኛል። የወደደ ሰው በዚህ ዕድሜው ያን ያህል አያፍርም፤ ደግሞም ነግረውሻል። የለመኑሽ ስለ እሷ ብቻ ነው። እኔ እንደምጠረጥረው ዝምታቸው የፍቅር ሳይሆን የዕዳ ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ እሳቸውን መጠየቅ ያንቺ ነው። ቀስ ብለሽ።

ስሟን ስላልጠቀስሽ ቃልሽን የጠበቅሽ እንዳይመስልሽ። ከቁልቢ የሚመጣው ዘመድ ነው። «የታላቅ ወንድሟ ሚስት» ካልሽ ስሟን ከነአባቷ ጠራሽ ማለት ነው። ልጆቿ ሳህን ይዘው በተቀመጡበት፣ እናታቸው ለምን ከአባታቸው ቤት እንደወጣች ካንቺ ንባብ ሊሰሙ? ምናልባት ያውቁት ይሆናል። ምናልባት ሌላ ተነግሯቸው ይሆናል። ሁለቱም ሊሆን በሚችልበት ቦታ ማይክ አይያዝም።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። ውሸት እንድጽፍ አዘዘኝ ብለሽ የተናደድሽበት ይመስለኛል። ዓመቶቹን ግን አንቺው ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ እሱ 1956፣ ሰማንያው 1957። ለአንቺ ይህ የፍቅር ታሪክ ነው። ለእሱ ግን ዲቃላ የሚባለው ክፉ ቃል ነው። በልጅነቱ ማን ምን እንዳለው አናውቅም። በ60ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው በሽማግሌ ነው ተብሎ እንዲጻፍ ሲፈልግ ለእናቱ ክብር ብቻ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ረቂቁን በኢሜይል አትላኪለት። ቁጭ ብላችሁ አውሩ። «ጋሼ፣ አንተ የሰማኸው እንዴት ነው?» ብለሽ ጀምሪ። ክርክር አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቁ ልጅ ሁሉንም ያውቃል፤ የሚጠይቀው ነው ያጣው።

የዕድሜው ነገር ቀላል ነው። 16ን 18 ማድረግ አያስፈልግም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ነበር። ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ያለውን ጻፊ፤ ዘመኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂ፤ ይበቃል።

«በሽማግሌ» የሚለውስ? እዚህ ላይ መሃል መንገድ አለ። በ1957 ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታርቀው ሰማንያ ጽፈዋል። ይህ እውነት ነው። «በ1955 ድሬዳዋ ገብተው ኑሮ ጀመሩ፤ በ1957 በሽማግሌዎች ፊት ሰማንያ ተፈራረሙ» ብትዪ አልዋሸሽም። ሦስት ቀን የተጨፈረውን ሰርግ ግን ካልነበረ አትጻፊ። የሌለ ሰርግ የጻፈ ሰው ቀጥሎ የሌለ ሚዜ መፍጠር አለበት።

ይህን ሁሉ የሚወስኑት ግን አጎትሽም አንቺም አይደላችሁም። ቀረጻውን ለእማማ መልሰሽ አሰሚያቸው። ብዙ ሰው የቀረጸውን መልሶ ማሰማት ይረሳል። የራሳቸውን ድምፅ ይስሙ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ የትኛው ይታተም? የትኛው ለቤተሰብ ብቻ ተቀምጦ ይቆይ፣ እስከ መቼ? የትኛው ይጥፋ? ሲመልሱ ያንንም ቅጂው። «ይጥፋ» ያሉትን ፊታቸው አጥፊው። የቀረውን ስልክሽ ላይ ብቻ አትተዪው፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ፍላሽ ላይ አድርገሽ ከሰማንያው ወረቀት ጋር አስቀምጪው።

አሁን ባጃጁ።

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የእማማን ታሪክ በዚያ ቀን ልታነቢ ያሰብሽው ለእማማ ብለሽ አይደለም። እናትሽን በሕዝብ ፊት ለመርታት ነው። ሊሠራልሽ ይችላል? አይመስለኝም። እናትሽ በዘመድ ፊት ከተረታች የሚቀራት እልህ ነው። እማማም በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው መሃል ማስረጃ ሆነው ይቀመጣሉ። ደግሞ ታሪኩ እንዳሰብሽው ላንቺ ብቻ አይመሰክርም። እናትሽ ብልህ ከሆነች «አየሽ፣ ስትጠፊ ሌላ ሰው ነው የሚከፍለው» ልትልሽ ትችላለች። ምን ትመልሻለሽ?

ለመሆኑ እናትሽ ይህን ታሪክ አታውቅም ብለሽ እርግጠኛ ነሽ? ስለ ዘመድ፣ ስለ ሽማግሌ ይህን ያህል የምትጨነቅ ሴት፣ ዘመድ ሳይኖራቸው ከተማ ገብተው ኑሮ የጀመሩ ሁለት ልጆች ቤት ያደገች ናት። አጎት፣ አክስት የማይመጣበት በዓል እንዴት እንደሚውል ታውቀው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የምትፈራው ባጃጁን አይደለም።

ስለ ልጁ ደግሞ አንድ የገረመኝ አለ። ሥራውን ነግረሽኛል። ወላጆቹን በምን እንዳጣ ነግረሽኛል። እሱ ምን እንደሚል ግን የለም። ሽማግሌ ልላክ ብሎሻል? አክስቱ ስለ አንቺ ታውቃለች? አንቺ በልብሽ ልትጠፊ ስታስቢ እሱ አብሮሽ ሊጠፋ ይፈልጋል ወይስ በበሩ መግባት ይፈልጋል? እነዚህን ሳታውቂ ከእናትሽ ጋር መዋጋት ምንም አይጠቅምሽም። በዚህ ሳምንት ይህን ብቻ አውሩ።

መጋባት የሚፈልግ ከሆነ «ሽማግሌ የሚልክ የለውም» የሚለው መፍትሔ አለው። ሽማግሌ ለመሆን የሥጋ ዘመድ መሆን ግዴታ አይደለም። ያሳደገችው አክስቱ አለች። የእድሯ ሊቀመንበር፣ ነፍስ አባቷ፣ ልጁን ከሕፃንነቱ የሚያውቁ የሰፈር አባቶች አሉ። ድሬ ከተማ ናት፤ ከጎርፉ በኋላ ስንቱን ልጅ ጎረቤት ተረባርቦ እንዳሳደገው የዚያ ሰፈር ሰው ያውቃል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በእሑድ ጠዋት ቢመጡ እናትሽ በር ላይ አታቆማቸውም። ብታስመልሳቸው እንኳ ሽማግሌ ተመላልሶ ነው የሚለምነው። ከቁልቢ በፊት ግን አይሁን። ቤቱ በእንግዳ በተጨነቀበት ሰሞን እሺ የሚል እናት የለም። ጥር ይሻላል።

የ27 ዓመት ሴት ነሽና ሕጉንም ማወቅ አለብሽ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። 18 ዓመት የሞላው ሰው ለማግባት የወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ መጋባት ትችላላችሁ። ይህን የምነግርሽ ነገ ሄደሽ እንድትፈርሚ አይደለም። እንደ እማማ በሌሊት መጥፋት ግዴታሽ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። ለእማማ በ1955 ቁልቁለቱና ባቡሩ ብቻ ነበሩ። ላንቺ በቀን የሚሄድ መንገድ አለሽ።

እህትሽን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ነገር አውጪያት። ነገሩ አንድ ቀን ሲታወቅ እናትሽ መጀመሪያ የምትቆጣው እሷን ነው፤ አንቺ ትልቅ ነሽ፣ እሷ የሸፈነች ናት። የምትሄጂበትን ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት። «ከእሱ ጋር ቡና ልጠጣ ነው» በያት። ትቆጣለች። ሁለተኛ ቀን ትንሽ ቀንሳ ትቆጣለች።

እማማንስ በራስሽ ጉዳይ ጨርሶ አታስገቢያቸው ማለቴ አይደለም። ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ከእኔና ካንቺ በላይ መነጋገር ይችላሉ። «እማማ፣ እናቴን አነጋግሪልኝ» ብለሽ ለምኚያቸው። ምን ብለው እንደሚያነጋግሯት፣ ያንን ሌሊት ያንሱት አያንሱት፣ ለእሳቸው ተዪው። ምናልባት አንዲት ቃል ሳይሉ በአንድ ስኒ ቡና ይጨርሱታል።

አጎትሽ ጋ ግን ዛሬውኑ ደውዪ። ለመጽሐፉ ማተሚያ ቤት ቀብድ ከፍሎ ከሆነ ረቂቁ እማማ እስኪሰሙት አይግባ በይው። ለታኅሣሥ ካልደረሰ ሐምሌ 19ም ቁልቢ አለ።